«ስንተኛ ወጣህ?» — የልጆቻችንን ሃይስኩል በምን እንመዝነው?

(የመክፈቻ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይልና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ይቆያል)

አቅራቢ፦ በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ በመካከሉም በሄይዋርድና በፍሪሞንት ያላችሁ ወገኖቻችን፣ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሳችሁ ገና ጫማችሁን ያላወለቃችሁ፣ ለልጆች ቁርስ እያቀረባችሁ ጆሯችሁን የሰጣችሁን ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ልጆቻችን ስለሚማሩበት የመንግሥት ሃይስኩል ነው። አንድ ትምህርት ቤት ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? ግቢው ውስጥ እነማን እንደሚማሩ ማወቅስ ስለ ትምህርቱ ምን ይነግረናል? እስክሪብቶና ወረቀት ካላችሁ አቅርቡ። ከሌላችሁም ግድ የለም፤ ጣቶቻችሁ ይበቃሉ።

(ሙዚቃው ይቆማል)

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ። ሰኔ 30ን ታስታውሳላችሁ? ካርድ የሚሰጥበትን ቀን። ዩኒፎርማችንን ለብሰን፣ ካርዱን በሁለት እጃችን ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ በር ላይ የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ስንተኛ ወጣህ?» «ስንተኛ ወጣሽ?»

ሒሳብ ላይ ምን እንደከበደን፣ ካለፈው ዓመት ምን እንዳሻሻልን የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። ሦስተኛ የወጣ ይሳማል። አርባኛ የወጣ ፊቱን ታጥቦ ይተኛል።

አሁን ደግሞ እዚህ። ልጁ ሪፖርት ካርዱን ያመጣል። አባት መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች ይፈልጋል።

«ደረጃህ የታለ?»

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ደረጃ አይጻፍም።»

«እንዴት አይጻፍም? ታዲያ ስንተኛ ወጣህ?»

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ሳቃችሁ አይደል? ግን ያ ጥያቄ አብሮን ተሰዷል። ለልጁ ደረጃ ስናጣለት ለትምህርት ቤቱ ፈለግንለት። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ስንወጣ የምንባባለውን አድምጡ። «የእናንተ ትምህርት ቤት ስንት ነው?» «ዘጠኝ ነው።» «ታድላችሁ! የእኛ አራት ነው አሉ፤ ቤት ልንቀይር ነው።»

ይህን ቁጥር የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ስንፈልግ ነው። የቤት መሸጫና ማከራያ ድረ ገጾች ከዋጋው ሥር በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው ያስቀምጣሉ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚናገረው ምንድነው? የማይናገረውስ?

ሦስት ጥያቄ እሰጣችኋለሁ፤ ያዙልኝ። አንደኛ፣ እነማን ይማሩበታል? ሁለተኛ፣ ከገቡ በኋላ ምን ያህል ተራመዱ? ሦስተኛ፣ የእኔ ልጅ በዚህ ውስጥ የት ነው ያለው? እደግመዋለሁ፤ እነማን? ምን ያህል ተራመዱ? የእኔስ ልጅ?

(የማሻገሪያ ሙዚቃ፣ ጥቂት ሰኮንዶች)

አቅራቢ፦ እስቲ አሁን አሥር ጣቶቻችሁን ዘርጉ። መሪ የያዛችሁ ግን በሐሳባችሁ ብቻ!

አንድ ትምህርት ቤት እንበል። አሥር ተማሪዎች አሉት። ስምንቱ እዚህ ያደጉ፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ኮሌጅ የጨረሱ ናቸው። ሁለቱ ገና ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ፈተና መጣ። ከስምንቱ ስድስቱ አለፉ። ከሁለቱ አዲስ መጪዎች ማንም አላለፈም። ስንት ሆነ? ስድስት ከአሥር።

አሁን ሁለተኛው ትምህርት ቤት። እሱም አሥር ተማሪዎች አሉት፤ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ እዚህ ያደጉ፣ ስምንቱ አዲስ መጪዎች። ፈተና መጣ። እዚህ ካደጉት ሁለቱም አለፉ። ከስምንቱ አዲስ መጪዎች ሦስቱ አለፉ። ድምሩ? አምስት ከአሥር።

በቁጥሩ ከሄድን አንደኛው ይበልጣል። ስድስት ከአምስት ይበልጣል። ግን ልብ በሉ። እዚህ ያደገውን ልጅ የተሻለ ያሳለፈው የትኛው ነው? ሁለተኛው። አዲስ መጪውንስ የተሻለ ያሳለፈው? እሱም ሁለተኛው። በሁለቱም በኩል የሚሻለው ትምህርት ቤት በድምሩ ተበለጠ።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ እንዴት ሆነ? አስተማሪዎቹ ስላነሱ አይደለም። በበሩ የገቡት ልጆች ስለተለያዩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ትርጉሙ ይህ ነው፤ ድምሩን ከማመናችሁ በፊት እነማን እንደሚማሩበት ጠይቁ።

ይህ ታዲያ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015ም እንደዚያው ሆነ፤ በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው? አይደለም። መጽሐፍ ያልደረሰበት፣ አስተማሪ ያልተሟላበት፣ ጦርነት ያለፈበት ቦታም አብሮ ተፈትኗል። ውጤቱ የልጁም ነው፤ የደረሰበትም ነገር ነው።

(የማሻገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከጣቶቻችን ወደ እውነተኛ ትምህርት ቤቶች እንሻገር።

ሳን ሆዜ ውስጥ ከኩፐርቲኖ በሚያዋስነው በኩል ሊንብሩክ ሃይስኩል አለ። አብዛኞቹ ተማሪዎች የእስያ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ከወላጆቻቸው ብዙዎቹ በሲሊከን ቫሊ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይሠራሉ። የፈተና ውጤቱ በካሊፎርኒያ ከከፍተኞቹ ተርታ ነው። የአካባቢው ቤት ዋጋም እንደዚያው! በዚያው በሳን ሆዜ በምሥራቁ በኩል ደግሞ እንደ ኦቨርፌልት ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ አብዛኛው ተማሪ የላቲኖ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ብዙዎቹ ወላጆች እንደ እኛ ፈረቃ የሚቆጥሩ ሠራተኞች ናቸው።

ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ ኦክላንድ ኢንተርናሽናል ሃይስኩል የሚባል አለ። የተቋቋመው ለአዲስ መጪ ስደተኛ ልጆች ነው። ተማሪው ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከየመን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ነው። አንዳንዱ ትምህርት አቋርጦ ዓመታት በመንገድ ላይ ያሳለፈ ነው። ይህ ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ሊንብሩክ ያለው ልጅ የሚፈተነውን የስቴቱን ፈተና፣ በእንግሊዝኛ፣ እኩል ይፈተናል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የፈተና ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠን «ይኼ ጥሩ፣ ያ መጥፎ» ብንል፣ የመዘንነው ትምህርት ቤቱን ነው ወይስ የልጆቹን የጉዞ መንገድ?

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ይህን በቁም ነገር ያጠኑ ሰው በቅርባችን፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ሾን ሪርደን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት በመላ አሜሪካ ከ11,000 በላይ የትምህርት ዲስትሪክቶችን ውጤት መረመሩ። ያገኙት እንዲህ ይላል፤ በአንድ ዲስትሪክት ልጆች ምን ያህል ነጥብ እንደሚያመጡና በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድጉ ብዙ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ነጥቡ በአብዛኛው የሚከተለው የቤተሰቡን ገቢና ልጁ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያገኘውን ዕድል ነው። የትምህርት ቤቱ ሥራ የሚታየው በዕድገቱ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቺካጎ ድሃ ቤተሰብ የበዛበት ትልቅ ዲስትሪክት ነው። ነጥቡ ዝቅተኛ ነበር። ግን ልጆቹ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ተራምደዋል። ዝቅ ካለበት ተነስተው ከሌላው ፈጥነው ሄዱ። በደረጃ ብቻ ብናይ ይህን እናየው ነበር? አናየውም።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ፤ ከገቡ በኋላ ምን ያህል ተራመዱ?

(የማሻገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ካሊፎርኒያ ይህን ለወላጅ ለማሳየት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዳሽቦርድ የሚባል ገጽ አላት። የትምህርት ቤቱን ስም ብታስገቡ በቀለም ይመልስላችኋል። ቀይ ዝቅተኛው፣ ሰማያዊ ከፍተኛው ነው፤ በመካከል ብርቱካናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ አሉ። ቀለሙ የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ዘንድሮ ካለበት ቦታና ካምና ካሳየው ለውጥ።

ሌላም ጥቅም አለው። ድምሩን ይበትነዋል። ጥቁር፣ ላቲኖ፣ እስያዊ፣ ነጭ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው፤ እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ፤ የአካል ጉዳት ያለባቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ይታያል። ትምህርት ቤቱ በጠቅላላ አረንጓዴ ሆኖ እንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጃችሁ ከዚያ ቡድን ከሆነ የእናንተ ቀለም የትኛው ነው? ቀዩ!

አንድ ጥንቃቄ ግን። በሃይስኩል የስቴቱን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና የሚወስዱት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ካምና ተሻሽሏል» ሲባል የዘንድሮዎቹ ልጆች ከአምናዎቹ ጋር ተወዳድረው ነው፤ ያው አንድ ልጅ አድጎ አይደለም።

የአንድ ልጅ ዕድገት የሚታየው የት ነው? በእናንተ መሳቢያ ውስጥ። ልጁ 8ኛ ክፍል ሳለ የተፈተነው ውጤት በስማችሁ መጥቷል። የ11ኛውም ይመጣል። ሁለቱ የተሠሩት በአንድ መለኪያ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያ ወረቀት ከማንም ድረ ገጽ ነጥብ ይበልጥላችኋል።

(የማሻገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። የእኔ ልጅ በዚህ ውስጥ የት ነው ያለው?

በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቡድን አታገኙም። ልጆቻችን የሚቆጠሩት «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ውስጥ ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ እዚሁ ኦክላንድ የተወለደውም፣ ቅድመ አያቱ ለመርከብ ግንባታ ሥራ ከሉዊዚያና የመጡ ልጅም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። የአንዱ ችግር እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፤ የሌላው ፈጽሞ ሌላ ነው። ሳጥኑ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥቱ የዘር መጠይቅ ደንቡን ሲያሻሽል፣ በዚሁ ሳጥን ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚል የራሱ ምልክት ማድረጊያ እንዲኖር ወስኗል። ከናይጄሪያዊ፣ ከሶማሊ፣ ከጃማይካዊና ከሄይቲያዊ ጎን። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ፎርም ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስታገኙት ግን አትለፉት።

እስከዚያው ልጆቻችን በስማቸው የሚታዩበት አንድ በር አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። ልጅ ስታስመዘግቡ በቤት ስለምትነጋገሩበት ቋንቋ የሚጠይቅ ወረቀት ትሞላላችሁ። የካሊፎርኒያ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ፤ ትግርኛም አለ።

አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችን «አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ ልጄን ኢ.ኤስ.ኤል.፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወደሚሰጠው ክፍል ያስገቡብኛል» ብለን «እንግሊዝኛ» እንጽፋለን። እውነቱ ምንድነው? ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ልጁ ኤልፓክ የሚባል ፈተና ይፈተናል። እንግሊዝኛው በቂ ከሆነ በዚያው ያልፋል። በቂ ካልሆነ ድጋፍ የማግኘት መብት አለው። ልጁ ቢያልፍም ባያልፍም አማርኛ በመዝገቡ ላይ ተቆጠረ።

ይህ የቋንቋ ድጋፍ መብት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከዚሁ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ቻይናውያን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚባለውን አይሰሙም ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1974 «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ለሁሉም አንድ መጽሐፍና አንድ አስተማሪ መስጠት ብቻውን እኩልነት አይደለም አለ። ዛሬ የእኛ ልጅ የሚጠቀምበት እነዚያ ቤተሰቦች ዝም ባለማለታቸው የተገኘውን ነው።

አንድ ነገር ግን ተከታተሉ። ልጁ ድጋፍ ውስጥ ገብቶ መውጫው እንዳይረሳ። በየዓመቱ ጠይቁ፤ «ልጄ ከዚህ ድጋፍ ለመውጣት ምን ይቀረዋል?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

(አጭር ዝምታ)

አቅራቢ፦ ስለ ሳጥኑ አንዲት የማትመች ነገር ልናገር። አንዳንዶቻችን የትምህርት ቤቱን ነጥብ ሳይሆን የልጆቹን መልክ አይተን እንሸሻለን። «እዚያ ጥቁር ይበዛል» እንላለን፤ የራሳችንን ልጅ አስከትለን! ልጁ ይህን ይሰማል። ከዚያ መስተዋት ፊት ይቆማል።

ደግሞም ሳጥኑ በር የሚከፍትበት ጊዜ አለ። የኦክላንድ ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ2010 የጥቁር ወንድ ተማሪዎችን ውጤት የሚከታተል ራሱን የቻለ ክፍል አቋቁሟል። የራሳቸው አስተማሪዎች፣ የራሳቸው ክፍለ ጊዜ ተዘጋጅቶላቸዋል። የእኛ ወንዶች ልጆችም እኩል ባለ መብት ናቸው። ጠይቀን እናውቃለን?

(የማሻገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ኦክላንድ ያላችሁ፣ ብሮድዌይ ላይ ያለውን ባለ ነጭ ዓምድ ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ኦክላንድ ቴክ ነው፤ ከቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን በእግር የሚደረስ። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ላቲኖው፣ እስያዊው አብሮ ይማርበታል፤ ከግማሽ በላይ የሆነ አንድም ዘር የለም። በዚህ ከተማ እንዲህ ተቀላቅሎ የሚማር ትልቅ ሃይስኩል ማየት ደስ ይላል።

ታዲያ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ትምህርት ቤት አለ። የኢንጂነሪንግ አካዳሚ አለ፣ የጤና አካዳሚ አለ፣ ፓይዴያ የሚባል ጠንከር ያለ የንባብና የጽሑፍ ፕሮግራም አለ። ሁለት ልጆች በአንድ በር ገብተው አራት ዓመት በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ በር ሊወጡ ይችላሉ። የሕንፃው ነጥብ ይህን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ልጃችሁ የተቀመጠበት ክፍል ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 የተመረቀ አንድ ወጣት ነበር፤ ሂዩይ ኒውተን። ኋላ የብላክ ፓንተር ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ነው። በግለ ታሪኩ ሲናገር፣ ዲፕሎማ በያዘበት ቀን በቅጡ ማንበብ አይችልም ነበር። ማንበብን ራሱን ያስተማረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በዚያ ዓመት የተመራቂ ቁጥር ውስጥ እሱም «አንድ» ተብሎ ተቆጥሯል። ምረቃና ዕውቀት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ይህ ብዙ ቤተሰብ ወደሚያለቅስበት አንድ ጉዳይ ያመጣኛል። በጥሞና ስሙኝ።

(ዝምታ)

አቅራቢ፦ ዲ ያስመርቃል። ዩኒቨርሲቲ ግን አያስገባም።

እደግመዋለሁ። አንድ ልጅ በኮርሱ ዲ ቢያመጣ የሃይስኩል ክሬዲቱን ያገኛል፤ ጋዋን ለብሶ፣ እናንተም አልቅሳችሁ ይመረቃል። ነገር ግን እንደ በርክሌይ ያለው የዩሲ ዩኒቨርሲቲም ሆነ እንደ ሳን ሆዜ ስቴት ያለው የካል ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ኤ እስከ ጂ» የሚባሉ 15 ኮርሶችን በሲ ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። እንግሊዝኛ አራት ዓመት፣ ሒሳብ ሦስት፣ ሳይንስ ሁለት፣ ታሪክ ሁለት፣ ሌላ ቋንቋ ሁለት፣ ሥነ ጥበብ አንድ፣ ምርጫ አንድ። ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለው ፈተና ዛሬ በሁለቱም ዘንድ ለመግቢያ አይታይም፤ እነዚህ ኮርሶች ግን ይታያሉ።

የሳን ሆዜ ዩኒፋይድ ዲስትሪክት እነዚህን ኮርሶች ለሁሉም ተማሪ ግዴታ በማድረግ በስቴቱ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ተመራቂዎች ጀምሮ። ግን ግዴታ ሆኖም ልጁ በዲ ካለፈ ያው ነው። ስለዚህ ካውንስለሩን የምትጠይቁት «ልጄ ይመረቃል ወይ?» ብላችሁ አይሁን። እንዲህ በሉ፤ «ከ15ቱ ስንቱን በሲ ወይም ከዚያ በላይ ጨርሷል?» ዲ ያለበትን ኮርስ በበጋ ሊደግመው ይችላል። 12ኛን ከጨረሰ በኋላ ካወቃችሁም በሩ አልተዘጋም፤ ኦክላንድ ሌይኒ ኮሌጅ አለ፣ ሳን ሆዜ ኤቨርግሪን ቫሊ ኮሌጅ አለ። መንገዱ ግን ይረዝማል።

ደስ የሚል ነገርም ላክል። የሌላ ቋንቋውን ግዴታ ልጁ በአማርኛው ሊያሟላ የሚችልበት መንገድ አለ። ችሎታውን ካረጋገጠ በዲፕሎማው ላይ የሁለት ቋንቋ ባለቤትነት ማኅተምም ያገኛል። ይህን ማኅተም እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ ያጸደቀች የመጀመሪያዋ ስቴት ካሊፎርኒያ ናት። እሑድ እሑድ ፊደል ያስቆጠራችሁት ልጅ፣ ድካማችሁ ለዲፕሎማ ደረሰ ማለት ነው።

(የማሻገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሦስት ምክር፣ አጠር አጠር አድርጌ።

የመጀመሪያው ስለ መቅረት። በዓመት ካሉት የትምህርት ቀናት ከአሥር አንዱን የቀረ ልጅ «ሥር በሰደደ ቀሪነት» ይቆጠራል፤ 18 ቀን ገደማ ነው። አሁን ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር አንድ ወር የሄደውን ቤተሰብ አስቡ። ፈቃድ ቢጠየቅበትም ይቆጠራል። አትሂዱ አላልኩም፤ አያት ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ፤ ልጁ ሥራውን ይዞ የሚሄድበት ኢንዲፔንደንት ስተዲ የሚባል ውል አለ።

ሁለተኛው ስለ ገቢ ፎርም። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ የትምህርት ዘመን ጀምሮ በካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምሳ ለሁሉም ነፃ ነው። «ታዲያ ፎርሙን ለምን ልሙላ?» እንላለን። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ስቴቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆችና እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ተጨማሪ በጀት ይሰጣል። ያልተሞላ ፎርም ያልተቆጠረ ልጅ ነው። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት አያመጣም።

ሦስተኛው ስለ አስተርጓሚ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ልጁ መሐል ተቀምጦ አስተማሪውና እናቱ መካከል ያስተረጉማል። አስተማሪው «ሦስት የቤት ሥራ አላስረከበም» ይላል። ልጁ «ጎበዝ ነው ይላል» ይላል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ትምህርት ቤቱ በምትረዱት ቋንቋ ሊያነጋግራችሁ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች 21 ከደረሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የወላጆቻቸውን ኮሚቴ ማቋቋም አለበት፤ ኢላክ ይባላል። ወንበሩ የእናንተ ነው።

ያደግነው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው። ግን እኮ እነዚያው አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ለትምህርት ቤት ጉዳይ የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይገባል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ሦስቱን ጥያቄዎች አብረን እንበላቸው። እነማን ይማሩበታል? ምን ያህል ተራመዱ? የእኔ ልጅ የት ነው?

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ከልጃችሁ ጋር ዳሽቦርዱን ከፍታችሁ ልጁ የሚቆጠርበትን ቡድን ቀለም እዩ። ከዚያ ትራንስክሪፕቱን አውጡና ከሲ በታች ያለውን ሁሉ በእስክሪብቶ ክበቡ። ክብ ካለ፣ ሰኞ ጠዋት ለካውንስለሩ ደውሉ።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ግን ለአንድ ሳምንት እንተወው። በእሱ ፈንታ «ከየት ተነስተህ የት ደረስክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን እስኪጨርስም አታቋርጡት።



(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)